የመዋኛ ገንዳ አሸዋ እንዴት ይታጠባል፤ መቼስ ይለወጣል?

ማናቸውም ሰው ወደ መዋኛ ገንዳ ቀርቦ የታችኛውን ወለል ጥርት አድርጎ ለማየት የቻለ እንደ ሆነ፣ ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ ልጁን ያስገባል። ይህ ፍርድ ግማሹ እውነት ነው። ወለሉ የማይታይ ገንዳ ከቶ ሊዋኝበት አይገባም፤ የሰጠመ ሰው እንኳ ቢኖር ከላይ ሆኖ የሚያየው አይገኝምና። ነገር ግን ወለሉ ስለ ታየ ብቻ ውሃው ከበሽታ የነጻ ነው ለማለት አይቻልም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ያገራችን አነጋገር ለወንዝ የተነገረ ቢሆንም፣ በሰማያዊ ንጣፍ ላይ ለተኛ ለገንዳ ውሃም የሚስማማ ነው።

በአገራችን ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ መዋኛ ገንዳ የሚወስዱት ለደስታ ብቻ አይደለም። በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድጉ ቀንድ አውጣዎች ስለሚገኙ፣ ከሐይቁ ይልቅ ገንዳው ይሻላል ብለው ገንዘብ ከፍለው የሚያስገቡ አስተዋዮች ብዙ ናቸው። አሳባቸውም ትክክል ነው። እንግዲህ ገንዳውን የሚጠብቅ ሰው ይህን እምነት ተቀብሎ እንደሚሠራ ማወቅ ይገባዋል። እምነቱም በአብዛኛው የተጣለው ማንም በማያየው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በፓምፑ ቤት ውስጥ በተዘጋ ጋን ተከቶ በሚኖረው አሸዋ ላይ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ የሚገኘውን የአንድ እንግዳ ማረፊያ ገንዳ ለመመርመር ሄጄ ነበር። ገንዳው ርዝመቱ 15 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር፣ ጥልቀቱም በአማካይ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ 147 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የውሃው ክሎሪን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ የኮምጣጣነቱም ልክ ማለት ፒ.ኤች. 7.4 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም መልካም ነበሩ። ሆኖም ከቀትር በኋላ ልጆች ገብተው ከወጡ ወዲህ ውሃው ላይ እንደ ቀጭን ጭጋግ ያለ ነገር ይታይ ነበር፤ ውሃው ከፓምፑ በሚመለስበት ቀዳዳ ሥርም ጥቂት አሸዋ ተከማችቶ አየሁ።

የገንዳው ጠባቂ በሥራቸው ብዙ ዓመት የቆዩ ትጉህ ሽማግሌ ናቸው። «ጌታዬ፣ ክሎሪኑ ልክ ነው፤ ውሃውም እንደ ብርጭቆ ነው። ምን ጎደለ ይላሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ማጣሪያውን እንዴት አድርገው ነው የሚያጥቡት?» አልኋቸው።

«በየሳምንቱ እሑድ ማታ፣ ሁለቱንም ጋኖች ባንድ ጊዜ ነው። ውሃ እንዳይባክን ሁለት ደቂቃ ብቻ አጥባለሁ። ደግሞም ጋኖቹ አዲስ በነበሩ ጊዜ የግፊቱ መለኪያ 0.6 ባር ያሳይ ነበር፤ ዛሬ 0.4 ብቻ ነው። በደንብ ስለምይዘው ቀንሷል» አሉኝ።

በዚህ ንግግር ውስጥ ሦስት ስሕተት ነበረ። ሦስቱም የመጡት ከስንፍና ሳይሆን የማጣሪያውን አሠራር የሚያስረዳቸው ሰው ካለማግኘት ነው። ስለዚህ የዚህ ወር ጽሑፋችን ይህንኑ አሠራር ለማስረዳት ተዘጋጅቷል።

የአሸዋ ማጣሪያ ማለት ከብረት ወይም ከፋይበር የተሠራ የተዘጋ ጋን ነው። ከታች፣ ስንጥቅ ስንጥቅ ያላቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች እንደ ዓሣ አጥንት ወይም እንደ መንኰራኵር ጨረር ተዘርግተዋል። በነርሱ ላይ ደቃቅ ጠጠር፣ በጠጠሩም ላይ አሸዋ ይደረጋል። ከአሸዋው በላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ይህ ባዶ ቦታ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ፊት እንመለስበታለን። ፓምፑ የገንዳውን ውሃ ስቦ ከላይ ያስገባዋል፤ ውሃው በአሸዋው መካከል ወደ ታች ሲወርድ እድፉን ይጥላል፤ ከዚያም በታችኞቹ ቧንቧዎች ተሰብስቦ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

ብዙ ሰዎች አሸዋውን እንደ ወንፊት ይቈጥሩታል። ወንፊት ግን ከቀዳዳው የሚያንሰውን ሁሉ ያሳልፋል። የማጣሪያ አሸዋ ፍሬ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከበሽታ ተሕዋስያን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ረቂቅ እድፍ የሚያዘው አልፎ አልፎ በመላተም፣ በፍሬው ገጽ ላይ በመጣበቅም ነው። ይህም ይጠናከር ዘንድ ጥቂት የአሉም ዓይነት ቅመም በቀስታ ወደ ውሃው ይንጠባጠባል። ቅመሙ የማይታየውን እድፍ እርስ በርሱ አያይዞ እንደ ጥጥ ብናኝ ያረጋዋል፤ የረጋውንም አሸዋው በቀላሉ ይይዘዋል። የገጠር እናቶች የደፈረሰ ውሃ በእንስራ አስቀምጠው በሽፈራው ፍሬ ዱቄት ሲያጠሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ምናልባት አንባቢ «ክሎሪን እያለ አሸዋው ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃል?» ይል ይሆናል። ክሎሪን እጅግ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ ሆድ የሚያሳምመው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቈይም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ በ16 ደቂቃ ገደማ፣ ጃርዲያም በ45 ደቂቃ ገደማ ይጠፋሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሕዋስ ግን ጠንካራ ቅርፊት ስላለው፣ በዚሁ ክሎሪን ውስጥ 15,300 ደቂቃ፣ ማለት ከ10 ቀን በላይ ሊቈይ ይችላል። መጠኑ የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ እጅ ያህል ነው። ተቅማጥ ካለበት ልጅ ወጥቶ ጥቂት የገንዳ ውሃ በዋጠ በሌላው ልጅ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሕፃናትን፣ እርጉዞችንና ሰውነታቸው የደከመ በሽተኞችን አብዝቶ ይጐዳል። ይህን ተሕዋስ ከገንዳው ውስጥ ቀን በቀን እየቀነሰ የሚያወጣው በቅመም የታገዘውና በሚገባ የታጠበው አሸዋ ነው።

የማጣሪያ መበላሸት ምን እንደሚያመጣ በዓለም ታሪክ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ የኮሌራ ወረርሽኝ ገብቶ ከ8,000 የሚበልጥ ሕዝብ ፈጀ። ሐምቡርግ የኤልብን ወንዝ ውሃ ሳያጣራ ይጠጣ ነበር። ከርሱ ጋር ድንበር ለድንበር የሚገናኘው የአልቶና ከተማ ግን ከዚያው ወንዝ፣ ያውም የሐምቡርግ ቆሻሻ ከገባበት በታች እየቀዳ በአሸዋ አጣርቶ ይጠጣ ስለ ነበረ፣ የሞተበት ሰው በጣም ጥቂት ሆነ። በአንዳንድ ሥፍራ የሁለቱ ከተሞች ድንበር አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ በሽታውም ከመንገዱ በአንዱ ወገን ቆመ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አሸዋን ማመስገን ብቻ በበቃን። ነገር ግን በሚከተለው ክረምት፣ በ1893 መጀመሪያ ላይ፣ በዚያው በአልቶና ኮሌራ ተነሣ። ሮበርት ኮክ የተባለው ስመ ጥር ሐኪም ነገሩን መርምሮ፣ ከማጣሪያዎቹ አንዱ በብርድ ወራት ሲጸዳ አሸዋው በረዶ ሆኖ እንደ ተበላሸና ውሃውን ሳያጣራ እንዳሳለፈ አስረዳ። ከተማውን ያዳነው ማጣሪያ፣ በአጸዳዱ ላይ በደረሰ አንድ ጉድለት የበሽታ መግቢያ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በሚልዎኪ ከተማ ከአንዱ የውሃ ማጣሪያ ድርጅት የወጣው የመጠጥ ውሃ በሚገባ ሳይጣራ ቀርቶ፣ ወደ 403,000 የሚገመት ሕዝብ በክሪፕቶስፖሪዲየም ታመመ። የሚልዎኪ ውሃ ክሎሪን የገባበት ውሃ ነበር።

እርግጥ የአልቶና ማጣሪያና የእኛ ገንዳ ማጣሪያ አንድ ዓይነት አይደሉም። በዚያ ውሃው በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ እየወረደ፣ በአሸዋው ላይ የሚበቅለው ሕያው ዝቃጭ ያጣራው ነበር። የገንዳ ማጣሪያ ግን በሰዓት 25 ሜትር ያህል ስለሚያወርድ ያ ዝቃጭ ጊዜ አግኝቶ አይበቅልበትም። ስለዚህ የእኛው ይበልጥ ጠባቂ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጋኖች እንመለስ። እያንዳንዱ ጋን የውስጥ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ስለ ሆነ፣ የአሸዋው ገጽ 0.785 ሜትር ካሬ ነው። ሁለቱ ፓምፖች ባንድነት በሰዓት 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይገፋሉ። ውሃው ለሁለቱ ጋኖች ሲከፈል ፍጥነቱ በሰዓት 25 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለማጣራት ይህ በቂ ነው። እጥበት ግን ሌላ ነው። በእጥበት ጊዜ ውሃው ከታች ወደ ላይ ተገልብጦ ይሄዳል፤ አሸዋውም ተነሥቶ፣ ፍሬ ከፍሬ እየተፋተገ፣ ልክ እንደሚፈላ ገንፎ መገላበጥ አለበት። ከአሸዋው በላይ የተተወው ባዶ ቦታ የሚያስፈልገው ለዚህ መነሣት ነው። አሸዋው ይነሣ ዘንድ ውሃው ቢያንስ በሰዓት 30 ሜትር፣ ይልቁንም ከ40 እስከ 50 ሜትር መሮጥ ይገባዋል። ሽማግሌው ሁለቱን ጋኖች ባንድ ጊዜ ሲያጥቡ ግን ውሃው ተከፍሎ በ25 ሜትር ብቻ ይወጣ ነበር። አሸዋው አልተነሣም፤ ያልተነሣ አሸዋ ደግሞ አይታጠብም። አንዱን ጋን ዘግቶ ሌላውን ብቻ ማጠብ ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱ 51 ሜትር ይደርስ ነበር።

ስለ መለኪያውም የተናገሩት እንዲሁ ነው። ማጣሪያ እድፍ በያዘ ቍጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ ከንጹሑ ልክ በግማሽ ባር ገደማ ሲበልጥ፣ የሳምንቱ ቀን ባይደርስም እንኳ ማጠብ ይገባል። ግፊቱ ከንጹሑ ልክ በታች የወረደ እንደ ሆነ ግን ደስ ሊለን አይገባም። ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የፓምፑ ቅርጫት በቅጠልና በጠጕር ተደፍኗል፤ ወይም ውሃው በአሸዋው መካከል የራሱን መንገድ ቀዶ ሳይጣራ ያልፋል። የፓምፑን ቅርጫት ከፍተን አየን፤ ንጹሕ ነበር። እንግዲህ ጋኑን መክፈት ግድ ሆነ።

ከመክፈት በፊት ስላለው ጥንቃቄ ጥቂት ልናገር፤ በዚህ ሥራ ሰው ሊሞት ይችላልና። በመጀመሪያ ፓምፑ በኤሌክትሪኩ ማብሪያ ይጠፋል፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያበራውም ይቈለፋል። ቀጥሎ ወደ ገንዳውና ከገንዳው የሚሄዱት ቧንቧዎች ይዘጋሉ። ከዚያም በጋኑ አናት ላይ ያለችው ትንሿ የአየር ማስተንፈሻ ተከፍታ የመለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ እስኪያርፍ ይጠበቃል። ግፊት ያለበትን ጋን ብሎን የፈታ ሰው መክደኛው እንደ መድፍ ጥይት ሊመታው ይችላል።

ሌላው አደጋ በክሎሪንና በአሲድ ማንጠባጠቢያዎች በኩል ይመጣል። ፓምፑ ቆሞ ወይም ማጣሪያው እየታጠበ ሳለ እነዚህ መሣሪያዎች መሥራታቸውን ካላቆሙ፣ ሁለቱ መድኃኒቶች በቆመው ቧንቧ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከመገናኘታቸውም መርዛም የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል። ፓምፑ እንደገና ሲነሣ ጋዙ በዋናተኞች መካከል ይወጣል። ስለዚህ ከማጠብም ሆነ ከመክፈት በፊት ማንጠባጠቢያዎቹን ማጥፋት፣ ውሃው በደንብ መዞር ከጀመረ በኋላ ብቻ መልሶ ማብራት ሊዘነጋ የማይገባው ደንብ ነው። በእጥበት ጊዜም ማንም ሰው በገንዳው ውስጥ መገኘት የለበትም።

የመጀመሪያውን ጋን ስንከፍት የአሸዋው ገጽ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው በአንድ ወገን እንደ ጕድጓድ ሰርጕዶ፣ በጋኑ ግድግዳ ዳርም ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ውሃው በዚያ በሰረጐደውና በተሰነጠቀው በኩል ያልፍ ነበር። እጄን ከትቼ ሳወጣው ሽምብራ የሚያህሉ የጭቃና የቅባት ድብልብሎች ይዤ ወጣሁ፤ ሽታቸውም የቆየ ቅቤ ሽታ ነበር። የጠጕር ቅቤ፣ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሳይታጠቡ ወደ ገንዳ ሲገቡ ማረፊያቸው አሸዋው ነው። ክፉኛ ካልተያያዘ ለዚሁ በተዘጋጀ የማጣሪያ ማጽጃ ተነክሮ ሊለቅ ይችላል፤ የተድቦለቦለ ግን ወጥቶ ይለወጥ እንጂ መዳን የለውም።

ሽማግሌው ድብልብሎቹን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «የእኔም የልጅ ልጆች እዚህ ነው የሚዋኙት» አሉ።

በደንብ የተያዘ አሸዋ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያህል ያገለግላል። እዚህ ያለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ጊዜ ቢቈይም ለመለወጥ ተፈረደበት። የማረፊያው ሹም፣ የተዘጋጀው የማጣሪያ አሸዋ ዋጋው ውድ ነውና ከወንዝ የመጣ የግንብ አሸዋ ነፍተን እንክተት የሚል አሳብ አቀረቡ። ይህ አሳብ በብዙ ቦታ የሚሰማ ስለ ሆነ መልሱን በጥቂቱ እንግለጽ። የግንብ አሸዋ ፍሬው አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ስለሚሆን ትንሹ የትልቁን ክፍተት ይደፍነዋል፤ ሸክላ አፈር ስለሚኖርበት ውሃውን ያደፈርሳል፤ የኖራ ድንጋይ ካለበትም ቀስ በቀስ ተጣብቆ እንደ ግንብ ይሆናል። የሚያስፈልገው የታጠበ፣ በወንፊት የተለየ፣ ክብ ፍሬ ያለው የሲሊካ አሸዋ ነው። ሻጩ የሚለውን ብቻ ሳያምኑ በሁለት ቀላል መንገድ መፈተን ይቻላል። አንድ እፍኝ አሸዋ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ጨምረው ይናጡት፤ ውሃው እንደ ጭቃ ደፍርሶ ከቆየ አሸዋው አልታጠበም። በሌላው እፍኝ ላይ አቼቶ ያፍስሱበት፤ ቢፍለቀለቅ ኖራ አለበት። በሹሙ ፊት የግንቡን አሸዋ በዚህ መልክ ፈተንነው፤ ጠርሙሱ ከአንድ ሰዓት በኋላም ቡና ይመስል ነበር። ክርክሩ በዚሁ ቀረ።

ለእያንዳንዱ ጋን ከጠጠሩ ጋር 1 ሜትር ከፍታ ያለው ሙሌት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 1,200 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ባለ 25 ኪሎ 48 ከረጢት መሆኑ ነው። አሮጌው አሸዋ ከጋኑ የሚወጣው ከታች ባለው ማስወጫ ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ነው። በመጀመሪያ በፕላስቲክ አካፋ፣ ወደ ታች ሲቀርብ ግን በእጅና በጣሳ ብቻ መውጣት ይገባዋል። የታችኞቹ ቧንቧዎች በቀላሉ የሚሰበሩ ናቸውና። በእኛ ጋን አንደኛው ቧንቧ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ በገንዳው ወለል ላይ ያየሁት አሸዋ የመጣው በዚህ ስንጥቅ ነበር። ቧንቧዎቹን ሳይመረምር አዲስ አሸዋ የሚከት ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሰው የሚገባበት ትልቅ ጋን ሲሆን ደግሞ አየሩ ሳይፈተን፣ ከውጭም የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም ማንም ወደ ውስጥ መግባት የለበትም።

ቧንቧው ከተለወጠ በኋላ ጋኑን እስከ ግማሽ ድረስ ንጹሕ ውሃ ሞላነው። ይህም የሚወርደው ጠጠርና አሸዋ ቧንቧዎቹን እንዳይመታ ውሃው እንደ ፍራሽ እንዲሆን ነው። ጠጠሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ከቧንቧዎቹ በላይ እስኪሸፍናቸው ድረስ ተደለደለ፤ አሸዋውም ቀጥሎ ተከተተ። የደረቀ የሲሊካ አሸዋ አቧራ ሳንባን በማይድን በሽታ ስለሚጐዳ፣ ከረጢቱን ከመገልበጥ በፊት በውሃ ማርጠብና አፍና አፍንጫን በአቧራ መከላከያ ጭምብል መሸፈን ይገባል። በጋኑ መካከል የቆመ ቧንቧ ካለ አሸዋ እንዳይገባበት አፉ በጨርቅ ይታሰራል፤ ጨርቁን ማውጣት ግን አይረሳ። አሸዋው ተስተካክሎ ከተደለደለ በኋላ ከላይ ለመነሻው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቀረ። ከረጢት ተርፏል ብሎ ይህን ቦታ የሞላ ሰው በመጀመሪያው እጥበት አሸዋውን ከቆሻሻው ጋር ሲሄድ ያየዋል።

መክደኛው የሚያርፍበት የጎማ ቀለበት ከአሸዋ ፍሬ ሁሉ ተጠርጎ ተዘጋ። አዲስ አሸዋ ያልጠፋ ብናኝ ስለሚኖርበት የመጀመሪያው ውሃ ወደ ገንዳ አይላክም፤ በመጀመሪያ ወደ ላይ ይታጠባል። የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ፓምፑ ይቆማል፤ የቫልቩ እጀታ ወደ እጥበት ይዞራል፤ ሁለተኛው ጋን ይዘጋል፤ ከዚያም ፓምፑ ይነሣል። ፓምፑ እየሠራ ሳለ እጀታውን ማዞር የቫልቩን ጎማ ይቀደዋል። ውሃው በመመልከቻው መስታወት በኩል መጀመሪያ እንደ ሻይ፣ ቀጥሎ እንደ አጓት፣ በመጨረሻ እንደ ምንጭ ሆኖ እስኪታይ ይታጠባል። ለዘወትሩ እጥበት 5 ደቂቃ ገደማ ይበቃል፤ ለአዲሱ አሸዋ ግን ከዚያ የበለጠ አስፈለገን። ፓምፑ እንደገና ቆሞ እጀታው ወደ ማለቅለቂያው ከዞረ በኋላ፣ የተንቀሳቀሰው እድፍ ወደ ዋናተኞች እንዳይሄድ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ውጭ ይለቀቃል።

«5 ደቂቃ! ይህን ያህል ውሃ?» አሉ ሽማግሌው፤ ድካማቸው ሁሉ ውሃ ለማትረፍ ነበርና። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። በሰዓት 40 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ በ5 ደቂቃ 3.3 ሜትር ኩብ፣ ለሁለቱ ጋኖች 6.7 ሜትር ኩብ ያህል ያወጣል። ይሁን እንጂ ላብ፣ ሽንትና የክሎሪን ዝቃጭ በማጣሪያ ስለማይያዙ፣ ለእያንዳንዱ ዋናተኛ 30 ሊትር አዲስ ውሃ ወደ ገንዳው መግባት ይገባዋል። 6.7 ሜትር ኩብ የ220 ዋናተኞች ድርሻ ነው። በዚያ ገንዳ በሳምንት ከዚህ የሚበልጥ ሰው ስለሚዋኝ፣ በእጥበት የሚፈሰው ውሃ ያለዚያም መለወጥ የነበረበት ውሃ ነው። እጥበቱም ሰው ከወጣ በኋላ በማታ ቢሆን ይመረጣል፤ አሸዋው እስኪነጋ ድረስ ረግቶ እንደ ገና መያዝ ይጀምራልና።

የእጥበቱ ውሃ የገንዳው እድፍ ሁሉ ተሰብስቦ የወጣበት መሆኑ አይዘንጋ። በሰላጣና በጎመን መደብ ላይ ማፍሰስ፣ ወይም ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ መልቀቅ አይገባም፤ ወደ ፍሳሽ ቧንቧ ወይም በደንብ ወደ ተቈፈረ ማስረጊያ ጕድጓድ ይግባ። አሮጌውም አሸዋ ለልጆች መጫወቻ አይሰጥም፤ ይቀበራል።

በገንዳው ውስጥ ልጅ ተቅማጥ ያመለጠው እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ወዲያው ይወጣል። የሚታየው ቆሻሻ ከተለቀመ በኋላ፣ ፀሐይ መከላከያ ቅመም ያልተቀላቀለበት ክሎሪን በሊትር 20 ሚሊ ግራም እስኪሆን ይጨመርና ፒ.ኤች. ከ7.5 ሳይበልጥ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቈያል፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ ማጣሪያው ይሠራል። ቀጥሎ ማጣሪያው ታጥቦ ውሃው ወደ ውጭ ይጣላል፤ ክሎሪኑም ወደ ዘወትር ልኩ ሳይመለስ ሰው አይገባም። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ወደ ገንዳ መምጣት የለበትም፤ ሕመሙ ክሪፕቶስፖሪዲየም መሆኑ ከታወቀ፣ ተቅማጡ ከቆመለት በኋላም ሁለት ሳምንት ሊቈይ ይገባዋል። ወላጆች ይህን ለገንዳው ጠባቂ በግልጽ ቢነግሩ ነውር አይደለም። ሁሉም ከመግባቱ በፊት ገላውንና ጠጕሩን በሳሙና ቢታጠብ ደግሞ የአሸዋው ሸክም በብዙ ይቀላል።

የሁለቱ ጋኖች ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው መዞር ከጀመረ በኋላ የግፊት መለኪያው 0.6 ባር ላይ ቆመ። ሽማግሌው ቀይ ቀለም አምጥተው ከመለኪያው አጠገብ በግድግዳው ላይ 0.6 ብለው ጻፉ፤ ከበላዩ 1.1፣ ከበታቹም 0.5 አሰፈሩና «ከላይኛው ሲደርስ አጥባለሁ፤ ከታችኛው ሲወርድ እከፍታለሁ» አሉኝ። በጋኑ መክደኛ ላይ ደግሞ አሸዋው የገባበትን ቀንና የከረጢቱን ቍጥር ጻፉበት፤ ከርሳቸው በኋላ የሚመጣው ጠባቂ ከዚያ አንብቦ እንዲጀምር።